ይቅር ለእግዚአብሔር
በሀገር ጉዳይ አሳባቸው ለተለያየ ክርስቲያኖች የተሰጠ ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ዛሬ በዚህ ሰዓት ልንነግራችሁ ያሰብነው ስለ ትሕትናና ስለ ይቅርታ ነው። ስለ እነዚህ ሁለቱ ከዚህ ቀደም ብዙ ጊዜ ሰምታችኋል። ዛሬ የምንናገረው ግን ጎረቤትና ጎረቤት በድንበር፥ ወንድምና ወንድም በውርስ ሲጣሉ ስለሚደረገው ዕርቅ አይደለም። በአንድ ጥምቀት የተወለዱ፥ ከአንድ መሠዊያ የሚቆርቡ ክርስቲያኖች ስለ መንግሥትና ስለ ሀገር አስተዳደር አሳባቸው ሲለያይ፥ ከዚያም የተነሣ እስከ መጠላላት ሲደርሱ፥ እግዚአብሔር ከእነርሱ ምን እንደሚፈልግ ልንመለከት ነው።

አስቀድሞ አንድ ነገር ለይቶ ማወቅ ይገባናል። ስለ ሀገር አስተዳደር የተለየ አሳብ መያዝ በራሱ ኀጢአት አይደለም። እናታቸው የታመመችባቸው ሁለት ልጆች አንዱ ወደ ሐኪም ትሂድ፥ ሁለተኛው ወደ ጠበል ትሂድ ብለው ቢከራከሩ፥ ክርክራቸው የሚመጣው ሁለቱም ስለሚወዱአት ነው። እንዲሁም አንዱ የሀገሩ መከፋፈል ያስፈራዋል፤ ሁለተኛው በአባቱና በአያቱ ላይ የደረሰው በደል ያስጨንቀዋል፤ ሦስተኛው ከሁሉ በፊት ሰላምና እንጀራ ይገኝ ይላል። እነዚህ ሦስቱ በአንድ ማኅበር ተቀምጠው ቢከራከሩ ቤተ ክርስቲያን አትወቅሳቸውም።

ኀጢአቱ የሚጀምረው ሌላ ቦታ ነው። ሰው የወንድሙን አሳብ መንቀፍ ትቶ ወንድሙን ራሱን መጥላት ሲጀምር፥ የተቃራኒውን ሞት ሰምቶ በልቡ ደስ ሲለው፥ አንድ ሰው ባደረገው ክፋት የዚያን ሰው ወገን በሙሉ በአንድ ስድብ ሲጠራ፥ ያን ጊዜ ክርክሩ ከሀገር ጉዳይ ወጥቶ የነፍስ ጉዳይ ሆኗል። ይህንንም በዓይናችን እናያለን። በአሳብ ስለ ተለያዩ ብቻ የአንድ እናት ልጆች በለቅሶ ቤት ሳይነጋገሩ ጀርባ ለጀርባ ይቀመጣሉ፤ ለብዙ ዘመን የጽዋ ማኅበር አብረው የጠጡ ሰዎች ማኅበራቸውን ለሁለት ይከፍላሉ፤ አበ ልጆች የነበሩ ሰዎች በመንገድ ሲገናኙ ፊታቸውን ያዞራሉ። ከሁሉም የሚያሳዝነው ሁለቱም በማግሥቱ በጠዋት ተነሥተው ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ አንዲት ቤተ ክርስቲያን መሄዳቸው ነው።

ጌታችን ዐሥራ ሁለቱን ሐዋርያት ሲመርጥ እነማንን እንደ መረጠ እስቲ እናስተውል። ከእነርሱ አንዱ ማቴዎስ ነበር። ማቴዎስ በቅፍርናሆም በቀረጥ መቀበያው ተቀምጦ ሲሠራ የተጠራ ቀራጭ ነው። ቀራጮች በሮማውያን ሥር ለነበረው አገዛዝ ከወገናቸው ገንዘብ የሚሰበስቡ ስለ ነበሩ ሕዝቡ እንደ ከዳተኛ ይቈጥራቸው ነበር። ከዐሥራ ሁለቱ ሌላው ደግሞ ቀናተኛ የተባለው ስምዖን ነው። ይህ ስም ለሕጉና ለሀገሩ የሚቀና፥ የባዕድ አገዛዝ የሚያንገበግበው ሰው እንደ ነበረ ያመለክታል ብለው ብዙ መምህራን ይተረጕሙታል። እንግዲህ አስቡ፤ አንዱ ለገዢዎች ቀረጥ ሰብሳቢ፥ ሌላው የእነዚያው ገዢዎች ጠላት። በገበያ ቢገናኙ ኖሮ ሰላም የሚባባሉ አይመስለንም። ጌታችን ግን በአንድ ማዕድ አስቀመጣቸው፥ በአንድ መንገድ አስኬዳቸው፥ ለአንድ ወንጌል ላካቸው። አስቀድማችሁ ስለ ቀረጡ ተስማሙና ከዚያ በኋላ ተከተሉኝ አላላቸውም። አስቀድሞ ወደ ራሱ አቀረባቸው፤ ወደ እርሱ በቀረቡ መጠን እርስ በርሳቸው ተቀራረቡ። የሐዋርያት ኅብረት በአሳብ አንድ ከመሆን የተወለደ አይደለም፤ አንዱን ጌታ ከመውደድ የተወለደ ነው።

ወደዚህ ፍቅር የሚያደርሰው የመጀመሪያው በር ትሕትና ነው። በሀገር ጉዳይ ሲከራከር ትሑት የሚባለው ሰው ማን ነው? አሳብ የሌለው ወይም ፈርቶ ዝም የሚል ሰው አይደለም። ትሑት ሰው አሳቡን ሲናገር፥ እኔ ፍጡር ነኝ፥ ያላየሁት ነገር ይኖራል፥ ወንድሜ ያየው ለእኔ ያልታየኝ ሊሆን ይችላል ብሎ በልቡ የሚያምን ነው። ትዕቢተኛ ግን የመላእክትን ዕውቀት የያዘ ይመስለዋል። ፈሪሳዊውና ቀራጩ ለጸሎት ወደ ቤተ መቅደስ እንደ ወጡ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ተጽፏል። ፈሪሳዊው ጾሜአለሁ፥ ዐሥራት አውጥቻለሁ ሲል ሐሰት አልተናገረም። የጠፋው ጸሎቱን የሌላውን ሰው ኀጢአት መቍጠሪያ ስላደረገው ነው። ዛሬም እኛ በጎ አሳብ ይዘን ልንጠፋ እንችላለን። የያዝነው አሳብ እውነት ቢሆን እንኳ፥ ያንን እውነት ወንድማችንን ለመናቅ ከተጠቀምንበት ከቤተ መቅደስ ሳንጸድቅ እንመለሳለን።

አባታችን ሙሴ ጸሊም በገዳመ አስቄጥስ ሳለ መነኮሳት በአንድ ወንድም ጥፋት ለመፍረድ ተሰብስበው ጠሩት። እርሱም የሚያፈስ ዕቃ በጀርባው ተሸክሞ መጣ። ይህ ምንድን ነው? ብለው ቢጠይቁት፥ የእኔ ኀጢአት ከኋላዬ እየፈሰሰ እኔ አላየውም፤ ዛሬ ግን በሌላው ኀጢአት ልፈርድ መጣሁ ብሎ መለሰላቸው። እነርሱም ይህን ሰምተው ያን ወንድም ይቅር አሉት። ምእመናን ሆይ፥ የእኛ ወገን ያፈሰሰውን ከኋላችን ስለ ሆነ አናየውም፤ የሌላው ወገን ያፈሰሰው ግን በፊታችን ስለ ሆነ ጠብታ ሳይቀር እንቈጥረዋለን።

ደግሞ ንጉሥ ዳዊትን እንመልከት። ልጁ አቤሴሎም ዐምፆበት ከኢየሩሳሌም በባዶ እግሩ እያለቀሰ ሲሸሽ፥ ከሳኦል ቤት ወገን የሆነ ሳሚ የሚባል ሰው በብራቂም አጠገብ ወጥቶ ድንጋይ እየወረወረና ትቢያ እየበተነ ይሰድበው ጀመር። የስድቡም ምክንያት የመንግሥት ነገር ነበር፤ የሳኦልን ቤት ዙፋን ወሰድህ፥ እነሆ ደሙ ደረሰብህ የሚል ነው። የጽሩያ ልጅ አቢሳ ሄጄ ራሱን ልቍረጠው ብሎ ፈቃድ ጠየቀ። ዳዊት ግን ተዉት አለ። ምናልባት እግዚአብሔር እንዲሰድበኝ አዝዞት ይሆናል፤ ምናልባትም መከራዬን አይቶ በስድቡ ፈንታ መልካም ይመልስልኛል ብሎ መንገዱን ቀጠለ። የሳሚ የኋላ ታሪኩ በመጽሐፈ ነገሥት ይገኛል፤ እኛ የምንማረው ግን በዚያች ቀን በመንገድ ላይ ከታየው ነው። የሚሰደበው ሰው ሠራዊት ነበረው፤ ሰይፍም ነበረው፤ የሚያስገድልለትም ሰው በአጠገቡ ቆሞ ነበር። እንዲህ ሳለ ስድቡን የራሱን ልብ መመርመሪያ አደረገው። ኀይል የሌለው ሰው ዝም ቢል ትዕግሥት ነው ይባል ይሆናል፤ መበቀል የሚችል ሰው እጁን ሲሰበስብ ግን ያ በእውነት ትሕትና ነው። በየወገናችንም አቢሳ አይጠፋም፤ ልቍረጠው የሚለውን ተው የሚል ዳዊት ግን ያስፈልገናል።

ከትሕትና ቀጥሎ የሚመጣው ይቅርታ ነው። በሀገራችን ልማድ ሽማግሎች የተጣሉትን ሲያስታርቁ፥ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ሲጠይቅ፥ ተበዳይ የሚመልሰው ቃል አለ፤ ይኸውም ይቅር ለእግዚአብሔር የሚለው ነው። ይህን ቃል ከልጅነታችን ጀምሮ ስለምንሰማው ትርጓሜውን ብዙ ጊዜ አናስተውለውም። ይቅር ለእግዚአብሔር ያለ ሰው፥ አላጠፋህም ማለቱ አይደለም። እኔ ተረታሁ፥ አንተ ረታህ ማለቱም አይደለም። ፍርዱን ከእጄ አውጥቼ ለማይሳሳተው ዳኛ ሰጠሁ፤ ከእንግዲህ አንተን የምይዝበት ዕዳ የለኝም ማለቱ ነው። ስለዚህ ይቅርታ የክርክርን ፍጻሜ አይጠብቅም። ማን ትክክል እንደ ነበረ ተመርምሮ እስኪታወቅ ድረስ እንቈይ ብንል፥ አንዳንዱ ክርክር ከልጅ ልጃችን ዕድሜ ይልቅ ይረዝማልና፥ ሳንታረቅ መቃብር እንወርዳለን።

ለዚህ ምስክር የሚሆነን በገዛ ቤተ ክርስቲያናችን የተፈጸመ ነገር አለ። በ1983 ዓ.ም. በሀገራችን የመንግሥት ለውጥ ከሆነ በኋላ፥ አራተኛው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ መርቆሬዎስ ከመንበራቸው ተለዩ፤ በ1984 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ አምስተኛ ፓትርያርክ ሆነው ተሾሙ። አንዱ ወገን አቡነ መርቆሬዎስ በሕመም ምክንያት በፈቃዳቸው ለቀቁ አለ፤ ሌላው ወገን በመንግሥት ግፊት ተነሡ አለ። እርሳቸውም ተሰደዱ፤ በሰሜን አሜሪካ ከእርሳቸው ጋር የነበሩት አባቶች የስደት ሲኖዶስ አቆሙ። ሁለቱ ወገኖች ተወጋገዙ። በውጭ ሀገር የሚኖረው ምእመን አንዱ የሀገር ቤቱን ሲኖዶስ፥ ሁለተኛው የስደቱን ሲኖዶስ ተከተለ፤ ሦስተኛው ገለልተኛ ተብሎ ለብቻው ቆመ። በአንድ ከተማ፥ ጥቂት መንገድ በማይራራቁ አብያተ ክርስቲያናት፥ በአንድ ዜማና በአንድ ቅዳሴ የሚያመሰግኑ ሰዎች እንደ ባዕድ ተያዩ። ይህም ከ25 ዓመት በላይ ቈየ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ በሐምሌ ወር 2010 ዓ.ም. የሁለቱ ወገን አባቶች በዋሽንግተን ከተማ ተገናኝተው ታረቁ። ውግዘቱ ከሁለቱም በኩል ተነሣ። አቡነ መርቆሬዎስ በጸሎትና በቡራኬ፥ ስድስተኛው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ማትያስም በአስተዳደር ሥራ ቤተ ክርስቲያንን እንዲያገለግሉ፥ የሁለቱም ስም በጸሎት አብሮ እንዲጠራ ተስማሙ። ሐምሌ 25 ቀን አቡነ መርቆሬዎስ ከብዙ ዓመት ስደት በኋላ አዲስ አበባ ገቡ፤ በየካቲት ወር 2014 ዓ.ም. ያረፉትም በሀገራቸው ሆነው ነው። እንግዲህ በዚያ ዕርቅ ማን ረታ? ማንም አልረታም። ስለ ቀደመው ዘመን የሚነገረው የሁለቱ ወገን ታሪክ በአንድ ቀን አንድ አልሆነም፤ በአንድ ቅዳሴ የሁለቱ አባቶች ስም አብሮ ሲጠራ ግን ከታሪክ ክርክር የሚበልጥ ነገር ተገኘ። በሩብ ምዕት ዓመት ያልተፈታው ነገር፥ ይቅር ለእግዚአብሔር ለማለት በተዘጋጁ ቀን መንገዱ ተከፈተ።

ነገር ግን ዕርቅ ሁልጊዜ በፍጥነት አይገኝም፤ ይህንንም ልንሸሽገው አይገባም። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል ጦርነት ተነሣ፤ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት እስኪፈረም ድረስ መስቀል በአንገቱ ያሰረ መስቀል ያሰረውን ገደለ። በትግራይ የነበሩ አባቶች፥ ሕዝባችን ሲሞት ቤተ ክርስቲያን ዝም አለች ብለው ከመንበረ ፓትርያርኩ ተለዩ። በሐምሌ ወር 2015 ዓ.ም. ቅዱስ ሲኖዶስ የትግራይን ሕዝብ ይቅርታ ጠየቀ፤ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ማትያስም ከሌሎች አባቶች ጋር ወደ መቐለ ሄዱ። በዚያ ያሉት አባቶች ግን በዚያን ጊዜ አልተቀበሏቸውም።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። መጀመሪያ፥ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው የሚከፈትለትን ቀን አይወስንም። እርሱ ማንኳኳት ይችላል፤ መክፈት የቈሰለው ሰው ነው። አንድ ጊዜ አንኳኩቼ አልከፈቱልኝም ብሎ ተቀይሞ የሚመለስ፥ የሄደው ለዕርቅ ሳይሆን ለራሱ ክብር ነበር። ሁለተኛ፥ የሌላውን ቍስል በራሳችን መስፈሪያ መስፈር አይገባንም። ልጅዋን የቀበረችውን እናት፥ ያለፈው አለፈ፥ እርሺው ማለት ወንጌል አይደለም። ከእርስዋ ጋር መቀመጥ፥ የምትናገረውንም ሳይቈርጡ መስማት ይቀድማል። እንዲህ ያለችው እናት ደግሞ በአንድ ወገን ብቻ እንዳለች አናስብ፤ በትግራይ አለች፥ በአማራ አለች፥ በአፋር አለች፥ በኦሮሞም አለች።

ይቅር በሉ ማለትም እውነትን ቅበሩ ማለት አይደለም። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ ንስሓው በቃል ብቻ አልቀረም፤ ከገንዘቡ እኩሌታውን ለድኆች ሊሰጥ፥ የቀማውንም አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገባ። የበደለ ይካስ፥ ነፍስ ያጠፋም በሕግ ይጠየቅ፤ ቤተ ክርስቲያን ይህን አትከለክልም። የምትከለክለው በቀልን ነው። ፍርድ የሚፈልገው በደለኛው እንዲታወቅና ዳግመኛ እንዳይበድል ነው፤ በቀል ግን በደለኛውን ባያገኝ ወንድሙን፥ ወንድሙን ባያገኝ በቋንቋው የሚናገረውን ሁሉ ይፈልጋል።

እንግዲህ ምእመናን ሆይ፥ ከዚህ ትምህርት ወደ የቤታችን የምንወስደው ሥራ ምንድን ነው? አንደኛው ምላስንና እጅን መጠበቅ ነው። ያላጣራነውን ወሬ፥ ወገን የሚያዋርደውንም ስድብ በስልካችን ወደ ሌላው አናስተላልፍ። በጣት የተላከ ስድብ በአፍ ከተነገረው አይቀልም፤ እንዲያውም ወደማናውቀው ሩቅ ሀገር ይደርሳልና ልንመልሰው አንችልም።

ሁለተኛው፥ በአሳብ ለተለየን ሰው በክርስትና ስሙ መጸለይ ነው። እኛ በቡድኑ ስም የምንጠራውን ሰው እግዚአብሔር ገብረ ሥላሴ፥ ወልደ ማርያም፥ ወለተ ጊዮርጊስ ብሎ ያውቀዋል። በጠዋትና በማታ የሰውን የክርስትና ስም እየጠሩ ምሕረትን መለመንና ያንኑ ሰው ቀን መስደብ አብረው ብዙ አይዘልቁም፤ ጸሎቱ ከጸና ጥላቻው ይደክማል።

ሦስተኛው፥ ቀድሞ መሄድ ነው። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 መባውን ይዞ በመሠዊያው ፊት ለቆመው ሰው ሲናገር፥ አንተ የተቀየምኸው ወንድም ካለ አላለውም፤ በአንተ የተቀየመ ወንድም እንዳለ ካሰብህ መባህን ትተህ አስቀድመህ ታረቅ አለው እንጂ። እንግዲህ እርሱ ይምጣ ብሎ መጠበቅ ለክርስቲያን አልተሰጠውም። በቤቱ ኀዘን ሲገባ እንሂድ፤ ሲታመም እንጠይቀው፤ ለልጁ ክርስትና ሲጠራን አንቅር። ብቻችንን መሄድ ቢከብደን የንስሓ አባታችንን ወይም አንድ የታመነ ሽማግሌ ይዘን እንሂድ።

አራተኛው ለካህናት ወንድሞቻችን ነው። በቤተ ክርስቲያን ቆመን የምናስተምርበት ስፍራ ስሙ ዐውደ ምሕረት ነው፤ የምሕረት አደባባይ ማለት ነው። ግፍ ሲሠራ፥ ደም ሲፈስ ማንም ያድርገው ማን እንገሥጽ፤ ይህ የክህነታችን ዕዳ ነው። ነገር ግን አንዱን ወገን ለማስመረጥ ሌላውንም ለማስጠላት በዚያ አንቁም። በፊታችን ከተቀመጡት መካከል ማቴዎስም አለ፤ ስምዖንም አለ፤ ሁለቱንም የጠራቸው ጌታ ነው።

በጸሎተ ሐሙስ ቀን በየቤተ ክርስቲያናችን የሚፈጸመውን ሥርዐት ታውቃላችሁ። አባቶች ዝቅ ብለው በወይራና በወይን ቅጠል የሕዝቡን እግር ያጥባሉ። ያን ጊዜ የሚያጥበው አባት ይህ የማን ወገን እግር ነው ብሎ አይጠይቅም። ጌታችንም በዚያች ሌሊት አስቀድሞ እያወቀ የይሁዳን እግር አጥቦአል። አሳልፎ የሚሰጠውን እግር ያጠበ አምላክ ካለን፥ በአሳብ ብቻ የተለየንን ወንድም ሰላምታ የምንነፍገው በምን ምክንያት ነው? በቅዳሴያችንም ዲያቆኑ እርስ በርሳችን ሰላምታ እንድንሰጣጥ የሚያዝበት ሰዓት አለ። ያ ሰዓት የሚመጣው ከቍርባን በፊት ነው፤ ትርጓሜውም ከወንድሙ ጋር ሰላም የሌለው ወደ ሥጋ ወደሙ እንዳይቀርብ ነው። በዚያ ሰዓት ራሳችንን ዝቅ ስናደርግ በግራና በቀኝ ያለውን ብቻ አናስብ፤ ሆን ብለን ራቅ ብለን የቆምንበትን ያን ሰው እናስበው። ቅዳሴው ሲፈጸምም ከቅጽሩ ሳይወጣ እንድረስበት።

አቤቱ ጌታችን ሆይ፥ ማቴዎስንና ስምዖንን በአንድ ማዕድ ያስቀመጥህ፥ የተለያየነውን አንተ ሰብስበን። ልጆቻቸውን ያጡትን እናቶች አጽናናቸው። ለመሪዎቻችን ማስተዋልን፥ ለሕዝባችን ትዕግሥትን፥ ለአባቶቻችን አንድነትን ስጥ። ለእኛም አስቀድመን የምንሄድበትን እግር፥ ይቅር ለእግዚአብሔር የምንልበትንም አፍ ስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።